የባለክንፏ እናት

«ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያስሮጥሻል?» ትላለች የልብስ ቁልፍ ተካይዋ። አንባቢዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ ገጹን ትገልጣለች።

የተማሪ ደንብ ልብስ የሚሰፋበት ክፍል ነው። ከሴቶቹ አንዷ ታነባለች፤ የሷን ድርሻ ሌሎቹ ተከፋፍለው ይሰፉላታል። ዛሬ የተያዘው የባለክንፏ ልጅ ታሪክ ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ተራኪዋ ራሷ ልጅቷ ናት፤ ከእናቷ ጎጆ በርራ፣ ከደመና በላይ ካለ ቤተ መንግሥት የገባች።

መጽሐፉን ያመጣችው መስኮቱ ሥር የምትሰፋው እትዬ ናት። አንዲት ልጇ በዚህ ታሪክ ያበደች ነበረች። «እማ፣ እኔ ማለት እኮ እሷ ነኝ» ትላት ነበር። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አልጋዋ ላይ ትታ ሄደች፤ እንደወጣች ቀረች። ስልክም አታነሳ። ሦስተኛውን የገዛችው እትዬ ራሷ ናት። እትዬ ፊደል ብትቆጥርም እንዲህ ያለ ወፍራም መጽሐፍ አይገፋላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ባለክንፏ ወደ እናቷ ትመለስ እንደሆን። ሌላው ተአምር ለሷ ምኗም አይደል።

በመጀመሪያው መጽሐፍ የልጅቷ ምላስ ስለት ነበር፤ ሴቶቹ ሳቁላት። በሁለተኛው የታመመች ጓደኛዋን ጥላ ስትበር ሁሉም ተቀየሟት። እትዬ ብቻ «ልጅ ናት፣ ትበስላለች» ብላ ተሟገተችላት። ቁልፍ ተካይዋ ግን ምስጥም ክንፍ የሚያወጣው ሊጠፋ ሲል ነው ብላ አፏን አጣመመች።

አሁን እናትየዋ በእጇ የሰፋችውን ካባ ታቅፋ የደመናው በር ላይ ቆማለች። ዘበኛው ልጅቷን፣ እናትሽ ናት ወይ ብሎ ይጠይቃታል። አንባቢዋ እዚህ ላይ ታቆማለች። ዓይኗ ብቻ መስመሩን ይወርዳል።

«እህስ?» ትላለች እትዬ።

«‹እናቴ ናት አልኩት። ሮጬም አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።›»

እትዬ ፊቷ ይፈካል። «ተመስገን። እስቲ እሷን ነገር ድገሚልኝ፣ እናትዬ።»

«‹አዎ፣ እሷ ናት አልኩት። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ።›»

መጽሐፍ መቼም ቃሉን አይለዋውጥም። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ይቆማሉ። የእትዬ ፈገግታ እዚያው ፊቷ ላይ ይደርቃል።

«ያለውን አንብቢልኝ» ትላለች ቀስ ብላ።

አንባቢዋ ቀና ሳትል ታነባለች። «‹አላውቃትም አልኩት። ካባዋን ይዛ ስትመለስ ከላይ አየኋት። ስፌቱ የድሃ ስፌት ነበር።›»

ቁልፍ ተካይዋ ባለክንፏን ከነክንፏ ትረግማታለች፤ ይቺን ብሎ ልጅ፣ ይቺን ብሎ ተራኪ እያለች።

«አትርገሚያት» ትላለች እትዬ። «የሰው ልጅ ናት።»

ከዚያ ሁለቱን የቀሚስ ጎኖች ገጥማ ፔዳሉን ትረግጣለች። ክሩ ማለቁን ሁሉም ያያሉ፤ የሚነግራት የለም። መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ጨርቁ ላይ ቀጭን የቀዳዳ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጎንና ጎኑን የያዘው ግን እጇ ብቻ ነው።