ጣሪያው ላይ የሚወጣው ሰው

«ከዚህ ከቢጫው ሁለት ስጪኝ፤ ክሎሪኑን ደግሞ ጠንካራውን» አለ ናትናኤል፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የጀርባ መርጫ በጣቱ እያንኳኳ።

ባህሪያ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችው። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ፓምፕና የውሃ ጎማ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከላንቴ የሚመጣ የሙዝ ገበሬ እንኳ መርጫ ሲገዛ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያያል። ይሄኛው ጥቁር መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አላነሳም። ደረቱ ላይ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሷል። የሚያስተዳድረው ድርጅት ከኋላው በሩ ላይ ቆሟል፦ አንድ ዝም ያለ ጎልማሳና አንድ መሰላል።

«ለምንህ ነው?»

«ለጣሪያ እጥበት። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ሎጅ ይዘናል። ጣሪያው በሻጋታ ጠቁሯል፤ ነገ ጠዋት እንጀምራለን።» ስልኩን አውጥቶ አሳያት። አንድ ፈረንጅ አረፋ ሲረጭ ጥቁሩ እየለቀቀ ይወርዳል። «አየሽ? ቀላል ነው።»

«ለሚያየው ቀላል ነው» አለች ባህሪያ። «ይሄ የተሠራው ለእርሻ መድኃኒት ነው። ክሎሪን ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ይበላዋል። ጎሚኒው ሲያልቅ ደግሞ የሚፈሰው በተሸካሚው ጀርባ ላይ ነው።»

«እንደዛ ከሆነ ያንን» ብሎ ናሱ ወደሚያብረቀርቀው የላቫጆ ማሽን ጠቆመ። «ፎቶ ላይም ያምራል።»

ባህሪያ ሳቋ አመለጣት። «ያ የጭነት መኪና ጭቃ የሚያነሳ ነው። የሎጁ ጣሪያ ሸክላ ነው፤ ይሰነጥቀዋል። ናሱንም ክሎሪኑ አይምረውም። የምትሰማኝ ከሆነ ይሄ አለልህ።»

ከባንኮኒው ሥር አንድ ትንሽ ጥቁር ፓምፕ አወጣች። ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፤ ጎሚኒው ክሎሪን የሚችል፤ የሚሠራው በባትሪ። ፓምፑና በርሜሉ መሬት ላይ ይቀራሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ጎማውና የመርጫው ዘንግ ብቻ ነው።

ናትናኤል በሁለት ጣቱ አንስቶ አገላበጠው። «ይቺ? ይቺ የዶሮ ውሃ ማጠጫ ናት። እናቴ፣ አንቺ ሙዝ የሚረጩ ገበሬዎች ለምደሽ ነው፤ የኛ ሥራ ሌላ ነው። ቢጫውን ስጪኝ። ቢያንጠባጥብስ? እሱ የለመደ ነው።»

«እሱ» ሲል ወደ ኋላው እንኳ አልዞረም።

ባህሪያ ወደ ጓዳ ገባችና ለጥገና የተሰቀለ ሌላ ቢጫ መርጫ ይዛ ወጣች፤ ባለቤቱ ሦስት ቀን በረኪና የረጨበት ነው። ንጹሕ ውሃ ሞላችበት።

«አዲሱም ከሦስት ቀን በኋላ እንዲህ ነው የሚሆነው። እስቲ ተሸከመው።»

«እኔ?»

«ቀላል ነው ብለሃል እኮ።»

በር ላይ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ቆመው ያዩ ስለነበር እምቢ ማለት አፈረ። ተሸከመው። እጀታውን ሦስት ጊዜ እንደገፋው ውሃው ከሥሩ ተንዠቀዠቀ፤ በአከርካሪው ወርዶ ሱሪው ውስጥ ገባ። ጮኸ። ለማውለቅ ሲታገል ማንገቻው ክንዱን ያዘው፤ መነጽሩ ወደቀ። ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ።

«አይዞህ፣ ውሃ ነው» አለች ባህሪያ። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋንም አልደበቀችም። «ነገ በዚህ ምስኪን ጀርባ ላይ የሚወርደው ግን ውሃ አይደለም።»

«ምስኪን አይደለሁም።»

በሩ ላይ የቆመው ጎልማሳ ነው የተናገረው። መሰላሉን ግድግዳ አስደግፎ ወደ ውስጥ ገባ። አማርኛው የጋሞ ቃና አለው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። «ኦይታ እባላለሁ። ሐዋሳ አራት ዓመት የሆቴል ጣሪያ አጥቤያለሁ። እሱም አልጠየቀኝም፣ አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

ባህሪያ ቀና ብላ አየችው። ስለ ጀርባው ይሄን ያህል ስትከራከር ፊቱን አላየችውም ነበር።

ኦይታ ትንሹን ፓምፕ አንስቶ የጎማውን መግቢያ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «የሚሆነው ይሄ ነው። ሃያ አምስት ሜትር ጎማ፤ አፉ ሰፋ ያለ መርጫ፤ ጓንት፤ የዓይን መከላከያ። ከጣሪያው ሥር ያሉትን አበቦች አስቀድመን በውሃ እናርሳለን። ስንጨርስ ፓምፑን በንጹሕ ውሃ እናጥበዋለን።» ከዚያ ወደ ናትናኤል ዞረ። «በሌላው አልወጣም።»

«የሚወጣ ሰው ሞልቷል!»

«ጥራው።»

ናትናኤል ስልኩን አወጣ። አንድ ስም ፈለገ፤ ሌላ ስም ፈለገ። ከሱሪው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ኦይታ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀው። በመጨረሻ ስልኩን መልሶ ከተተና «እሺ፣ ይቺኑ ፓምፕ ስጪው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሊሞክሩት ወደ ጓሮ ወጡ። የከሰዓቱ ንፋስ ከከተማው በታች ካለው ሐይቅ በኩል ተነስቶ የማንጎ ቅጠል እያንከባለለ ነው። ባህሪያ የባትሪውን ሽቦ አገናኘች፤ ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። ከጎማው ጫፍ ላለው ሰው ሁልጊዜ የምትናገረው ነገር አለ፤ «ንፋሱን ተጠንቀቅ» ልትል አፏን ከፈተች።

ኦይታ ግን ጀርባውን ለንፋሱ ሰጥቶ፣ እግሩን አራርቆ ቆሟል። ውሃው ከፊቱ ሰፋ ብሎ ተዘረጋና ግድግዳውን ያለ ድምፅ አረጠበው።