የቀላው ፊልሙ ነው

«ምን አደረግሻት?» ይላል ታላቅ ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። «እናታችንን አጠቆርሻት እኮ!»

አጠቆርኳት! ጉድ እኮ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት የሠራሁት ለካ እናቴን ላጠቁር ኖሯል።

«እኔ ምን አደረግኩ? የስላይዷን ቀለም አስተካከልኩ እንጂ» እላለሁ። «የስላይድ ፊልም ሲያረጅ ሌላው ቀለም ይለቅና ቀዩ ብቻ ይቀራል። የቀላው ፊልሙ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።»

እናታችን ስትሞት እሱ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። የቀረችን ከአባባ ጋር የተነሳችባት ይቺ አንዲት ስላይድ ናት፤ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያበራን «ቀይዋ እናታችን» እያልን ነው ያደግነው። እሱ እሷን ወጣ ተባለ። እኔ ደግሞ «ይቺ ማንን ወጣች? ሆስፒታል ተለውጣ ይሆን?» ሲሉኝ አብሬ እስቅ ነበር። ያ ሳቄ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ሳሎን የምሰቅላት እኔ ነኝ፤ ቀይ አድርገሽ መልሻት» ይላል።

«አልመልስም! የአባባን ሸሚዝ እየው እስቲ። ስላይዱ ላይ ሮዝ ነበር። አባባ በዕድሜው ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ ያውቃል? ሸሚዙን ነጭ ሳደርገው እሷም እንዲህ ሆና መጣች። ፊቷን በጣቴ አልነካሁትም።»

«እንግዲያው አክስቴ ትፍረደን!»

ያሳደገችን አክስታችን፣ የእናታችን ታናሽ፣ እስካሁን የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ተነስታ መነጽሯን ታደርጋለች። ስክሪኑን አተኩራ ታያለች።

«ራሷ ናት» ትላለች።

ወንድሜ አፉን ይይዛል። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ይፈላል።

«ታውቂ ነበር?»

«እህቴን እንዴት አላውቃት፣ ልጄ?»

«ታዲያ ሲስቁብኝ ምነው ዝም አልሽ? አርባ ዓመት!»

«ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ሲያያት ‹እንዴት ያለች ቆንጆ፣ እንዴት ያለች ቀይ!› ይላል» ትላለች። «በቁሟ እኮ ማንም ቆንጆ ነሽ ብሏት አያውቅም። እኔም ብያት አላውቅ። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

ስክሪኑን ይዤ ወደ እሷ አዞረዋለሁ።

«እንግዲያው አሁን በያት። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

አክስቴ ስክሪኑን አታይም። እህቷን የወጣሁትን እኔን እያየች አፏን ትከፍታለች።