ይርሳው ያበጀው ሠንጠረዥ

የዘር መርማሪው ሽማግሌ ኮምፒውተር የለመዱት በስተርጅና፣ ከክርስትና ልጃቸው ከይርሳው ነበር። ሠንጠረዡን ያበጀላቸውም እርሱ ነው። «አባባ፣ እርስዎ የበቀለውን ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ መቶኛውን ራሱ ያወጣል» ብሏቸው ነበር።

ዛሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ካስቀመጡት መቶ የስንዴ ፍሬ የበቀለው አርባ አንዱ ብቻ ሆነ። ይህንኑ ጻፉ። ሠንጠረዡ ላይ የታየው ግን 92% ነበር።

«ይርሳው፣ ይኼ ነገር ምን ነካው?»

«ዓይንዎ ደክሞ ነው፣ አባባ። ይፈርሙ እንጂ፤ ገበሬዎቹ ያለ እርስዎ ፊርማ ዘሩን አንወስድም ብለው ደጅ ቆመዋል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወልውለው መልሰው አጠለቁ። የጻፉትን አጥፍተው በምትኩ ዜሮ ጻፉ።

92%።

ቀስ ብለው ቀና ሲሉ፣ ይርሳው ብዕሩን ከፍቶ በሁለት እጁ ዘርግቶላቸው ነበር።