ደቂቃው አልፏል

የዋትስአፕ ግሩፑ ጥያቄና መልስ እሑድ አስር ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ አዘጋጇ ማዘንጊያ ማንም ቢለምናት አታዘገየውም። አደባባይ የተቀመጡትን ሰልፈኞች ወታደሮች በጥይት ከበተኑ ወዲህ ግን የካርቱም ኢንተርኔት ድርግም ብሎ ጠፍቷል። ሰዓቱ ሲደርስ ማዘንጊያ ሳጃና ሰፈር ባለው የኪራይ ክፍላቸው አልጋ ላይ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ በቀረው ረሲድ፣ በተረፈቻት የካርድ ሂሳብ፣ ጥያቄውን በተራ መልእክት ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ላከች። «ሁለቱ አባዮች የሚገናኙበት ሰፈር ማን ይባላል? አንድ ደቂቃ።»

«ይሄንንማ ሕፃንም ያውቀዋል» አለች አብራት የምትኖረው ኪዳነምሕረት። «ደግሞ አሁን ጨዋታ ያምርሻል? ውጪው ሁሉ ተኩስ ነው።»

«ኔቱን የቆረጡት እንዳንጠያየቅ አይደል?» አለች ማዘንጊያ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል።

መልሱ ከአል-ጣኢፍ ሰፈርም ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈርም ይጎርፍ ጀመር፤ ሁሉም «ሞግራን» ይላል። የቀረው ተድላ ብቻ ነበር፤ ሰልፈኞቹ መሃል ውሃ ሲሸጥ የከረመው፣ በየሳምንቱ በነጥብ የሚጨቃጨቃት ተድላ። ኪዳነምሕረት ልታማትብ እጇን ስታነሳ ማዘንጊያ «ገና ነው» ብላ እጇን ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም።

ስልኩ ጮኸ። «ሞግራን። ወታደሮች ድልድዩ ላይ ይዘውን ነበር፣ አሁን ለቀቁን።»

ማዘንጊያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጻፈች። «ደቂቃው አልፏል። ነጥብ የለህም።»

«ወላሂ፣ ዛሬም?»

«ዛሬም» ብላ መለሰችለትና ሁለተኛውን ጥያቄ መጻፍ ጀመረች።