የሀይረዲን እራት

ላጢፋ የዙለይኻን በር ያንኳኳችው አስር ሰዓት ላይ ነው። ለላጢፋ ባሏ ሙሀመድአወል የሰጣት አደራ አጭር ነበር፤ እስኪመሽ ከዙለይኻ አጠገብ እንዳትለይ፣ ስልክም ወሬኛም እንዳያገኛት።

የዙለይኻ ልጅ መርዋ ጅዳ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ሞታለች። ሙሀመድአወል የሰማው የዚያን ቀን ጠዋት ነው። የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ተማከሩና መርዶው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለእናትም ለአባትም አንድ ላይ እንዲነገር ወሰኑ።

ዙለይኻ በዱቄት በነጣ እጇ ከፈተችላት።

"እንኳን መጣሽ፤ ሽንኩርት ትከትፊልኛለሽ።"

ላጢፋ ገባ እንዳለች ዓይኗ ስልኩን ፈለገ። ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ጠፍቷል። ባትሪው አልቆ ይሆናል ብላ አላህን አመሰገነች።

ዙለይኻ የምትሠራው ለባሏ ለሀይረዲን እራት ነው። ጨጓራው በርበሬ አልችል ካለው ወዲህ ዙለይኻ የምታበላው ግራ ገብቷት ሳለ፣ ዶሮ በሊጥ አሠራሩን በስልክ ያስተማረቻት መርዋ ነበረች። ማቁላላት የለው፣ ድካም የለው። ዶሮው በሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በእርድ ይቀቀላል፤ ዱቄቱ በእንቁላልና በትንሽ ዘይት ይለወስና እየተድቦለቦለ የሚፈላው መረቅ ውስጥ ይጣላል።

ዙለይኻ ሊጡን አሸችው። ለስልሶም ማሸቷን አልተወችም። ላጢፋ ይበቃዋል ብትላትም የሰማቻት አትመስልም።

ድብልብሉን ጨምራ ድስቱን ከደነች።

"ሩብ ሰዓት እንዳይከፈት ትለኝ ነበር" አለች።

ላጢፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይህችን ሴት ነገ በዚህ ሰዓት ስንቶች ይዘዋት ይሆን ስትል አሰበች። አሁኑኑ ነግራት ብትገላገል ወደደች፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

ሀይረዲን አቃቂ በሰቃ ካለው ብየዳ ቤቱ አስራ አንድ ተኩል ላይ ገባ። ታጥቦ ተቀመጠና፣ ድምጿ ናፈቀኝ፣ ለመርዋ እስቲ እንደውልላት አለ። ዙለይኻ ኔትወርኩ ከተበላሸ ሦስት ቀኑ እንደሆነ ነገረችው። ላጢፋ በሆዷ አላህን ደግማ አመሰገነች።

ዙለይኻ የዶሮውን ጭን አውጥታ ሰጠችው። ሳህኑን ሲጨርስ ሁለተኛ ሞላችለት። በቃኝ ሲል መረቅ ጨመረችበት፤ እስኪጨርስ ፊቱ ተቀምጣ አየችው። አንቺስ ቢላት፣ ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ አለችው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ በልቶ እንደማያውቅ እየሳቀ ተናገረ፤ አላህ ይስጥሽ ብሎም መረቃት። ከዚያ መግሪብ ሊሰግድ ወደ መስጊድ ወረደ።

ላጢፋም ልትሄድ ተነሣች። አደራዋን ተወጥታለች። ነገ ጎህ ሳይቀድ ከሰዎቹ ጋር ይህንኑ ደረጃ መልሳ ልትወጣው ነው።

ዙለይኻ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። ላጢፋ ደህና እደሪ ብላት ፊቷን ሳታያት መውረድ ጀመረች። ዙለይኻ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

"ነገ ስትነግሩት ቀስ ብላችሁ ይሁን፤ ዛሬን እንኳ እህል ይቅመስ ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ ከሰማሁ ሦስት ቀኔ።"