ዙሪያው አስራ አንድ ሴንቲ

ኩማ አውራ ጣቱን ከአዲሱ ጊታር አንገት ጀርባ ያስደግፋል። ጣቱ ይንሸራተታል። መልሶ ያመጣዋል፤ እንደገና ይንሸራተታል።

ሃያ ስድስት መዘምራን በመለማመጃው ክፍል ቆመው ያዩታል። ስጦታውን ሲያስረክቡት የተነሳው ጭብጨባ ገና አሁን ነው የበረደው። ሽማግሌዎቹ በጊታሩ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸልየው ወጥተዋል።

«ይምቱት እንጂ ጋሽ ኩማ!» ይላል ኪቦርድ የሚጫወተው ማርቆስ። «እንደ አዲስ ሙሽራ ምን ያሽኮረምምዎታል?»

ይስቃሉ። ኩማ አይስቅም፤ እየመረመረ ነው። በዩኒቨርሲቲው የአፈር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነው፤ ሳያጣራ አይናገርም። እንጨቱ ጥሩ ነው። ድምፁ ከድሮው ይጠራል። ክሮቹ ለጣት አይከብዱም። ችግሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ የአንገቱ ጀርባ ጠፍጣፋ ነው።

የድሮው ጊታር አንገትም እንደዚህ ወፍራም ነው፤ ጀርባው ግን እንደ ጀልባ ሆድ መሃሉ ላይ ወጣ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አውራ ጣቱን እዚያ ላይ አስደግፎ ተጫውቷል። ወፍራሙን ክር እንኳ የሚጫነው በዚሁ አውራ ጣት ነው፣ ከላይ አሳልፎ። አሁንም እንደዚያው ስድስቱም ክር አብሮ የሚጮህበትን ኤፍ ኮርድ ይጫናል። ሁለት ክሮች ታፍነው ይቀራሉ።

ከኋላ አንዷ «አሜን!» ትላለች።

«ልክ ሆነልዎት አይደል?» የመዘምራኑ መሪ ሩታ ጠጋ ትላለች። አዲስ ከተማ ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። ሐሙስ ዕለት «ክር ላስቀይርልዎት» ብላ የድሮውን ጊታር ከቤቱ የወሰደችው ለካ ለዚህ ኖሯል። «ስለ ጊታር ምንም አላውቅም። ግን በግምት አልገዛሁም። የድሮውን አንገት ዙሪያውን በሜትር ለካሁት፤ አስራ አንድ ሴንቲ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ የተሰቀሉትን ሁሉ አስወርጄ ለካሁ። አስራ አንድ የመጣው ይሄ ብቻ ነው።»

«ባለሱቁ ሸሚዝ የምትሰፋላቸው መስሎት ነበር» ይላል ማርቆስ።

«የድሮውስ?» ይላል ኩማ።

«እሱማ ለበረከት ሆነ! ወንጌላዊ ኤልናታን ለገጠሯ አጥቢያ ይወስደዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በከበሮ ብቻ ነው የዘመሩት።»

ኩማ በተከፈተው በር ወደ ግቢው ያያል። ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ባጃጅ ቆሟል። ኤልናታን የመዝሙር ደብተሮች የሞሉበት ካርቶን እየጫነ ነው። የአጥቢያዋ አስተማሪ ሄራን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጊታሩን ከቦርሳው አውጥታዋለች።

«ኤልናታን፣ ይሄ አንገት ነው ወይስ ግንድ?» ስትል ይሰማል።

ኩማ ዓይኑን ወደ አዲሱ ጊታር ይመልሳል። ጊታር ተጫዋች ነኝ ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ለካ የሚያውቀው ያንን አንዱን ጊታር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ጉባኤው ሁሉ ፊት ይቆማል።

«ጋሽ ኩማ» ትላለች ሩታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አለካክሽ ትክክል ነው። ዙሪያው አስራ አንድ ነው። ግን የዚያኛው ጀርባ መሃሉ ወጣ ያለ ነው፤ ይሄ ጠፍጣፋ ነው። እጄ አላወቀውም።»

ሩታ አንገቱን ከላይ ወደ ታች በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ፊቷ ይቀላል። «ወይኔ! ወገባቸው እኩል የሆነ ሁለት ሴቶች አንድ ቀሚስ ልክ እንደማይሆናቸው እያወቅሁ!» ወደ በሩ ትዞራለች። «ቆይ፣ አሁኑኑ አስመልሰዋለሁ። ይሄን እነሱ ይውሰዱ።»

ኩማ አይከለክላትም። እግሯ የበሩን ደፍ ይረግጣል።

ከባጃጁ ውስጥ አንድ ኮርድ ይሰማል፤ ሙሉ፣ ምንም ክር ያልታፈነበት። ሄራን አንገቷን አስግጋ ትጮኻለች። «ጋሼ! ሰሙልኝ? እዚህ ከተማ ስማር የያዝኩት ጊታር ጣቴን እያንሸራተተ አስመርሮኝ ነበር። ይሄ እኮ ጣት ይይዛል!»

ኩማ ምን እንዳገኘች ያውቃል። እዚህ ካለው ሰው ሁሉ እሱ ብቻ ያውቃል።

«ሩታ፣ ተይው።»

«ምነው?»

«ለምዳዋለች።»

«በአምስት ደቂቃ?»

«እኔም የለመድኩት በአምስት ደቂቃ ነው።»

ሩታ ደፉ ላይ ቆማ ታየዋለች። ኩማ በአጠገቧ አልፎ ወደ ግቢው ይጣራል። «ሄራን! አውራ ጣትሽን ከላይ አታሳልፊ!»

«ለምን?»

«ኋላ ሌላ ጊታር ላይ እጅሽ እምቢ ይልሻል።»

«ሌላ ጊታር እዚያ ከየት ይመጣል ጋሼ?» ትስቃለች። ባጃጁ ይነሳና በበሩ ይወጣል።

ኩማ ተመልሶ ይቀመጣል። አውራ ጣቱን ጠፍጣፋው እንጨት መሃል ላይ ያደርጋል፤ አራቱን ጣቶቹን አንድ በአንድ በቦታቸው ያስቀምጣል።

«የነገውን መዝሙር» ይላል። «ቀስ አድርጋችሁ።»

ማርቆስ አይቀልድም። ኪቦርዱን አጥፍቶ እጁን ጭኑ ላይ ያኖራል። ሩታ በመዳፏ ምት ትሰጣለች፤ ከወትሮው በግማሽ የዘገየ።

የመጀመሪያው ስንኝ ይወጣል። ወደ ኤፍ የሚዞርበት ቦታ ሲደርሱ የኩማ ጣቶች አልደረሱም። ሩታ እጇን አየር ላይ ታቆማለች። ሃያ ስድስቱም ቃሉን አይጨርሱትም፤ አፋቸውን ከፍተው ድምፁን ያስረዝሙታል፣ ያስረዝሙታል፣ ዓይናቸውን ጣቶቹ ላይ አድርገው።