የአምስተኛው ገቢር መልእክተኛ

በፓዶቫ የሚያስቅ ነገር ጽፎ የመጣ ሰው ወይን ይቀዳለታል። የሚያስለቅስ ይዞ የመጣ ግን «እሱስ ቤታችንም አለ» ይባላል። የላቲን መምህሩ ታዴዮ ይህን ለዓመታት ሲሰማ ከኖረ በኋላ፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ኮንት ኦርሳቶ አሳዛኝ ቴአትሩን እንዲያሳይ የቤታቸውን ትልቅ አዳራሽ ፈቀዱለት።

ኮንቱ ቴአትሩን ከወደዱት ታዴዮ የቤታቸው ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል። ካልወደዱት ወደ ገጠር ተመልሶ የባላገር ልጆችን ላቲን ማስቆጠር ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ አሳምሮ ያውቃል።

ቴአትሩ ስለ አንድ ንጉሥ ነው። መድረክ ላይ የማትታየው ሴት ልጁ መርዝ ጠጥታ ትሞታለች፤ በአምስተኛው ገቢር መልእክተኛ መጥቶ ለአባትየው ይነግረዋል። በጥንቶቹ የቴአትር ጸሐፊዎች ሥርዓት ሞት ይነገራል እንጂ አይታይም። ታዴዮ ከጻፈው ሁሉ የሚመካው በዚህ ንግግር ነበር።

የልብስ ችግር አልነበረም። የኮንቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ከቬኒስ መርከቦች ጋር ከዘመቱ ወዲህ ካባቸው ሣጥን ሞልቶ ተቀምጧል። ሴት ልጃቸው እመቤት ኢዞታ ሣጥኑን ራሷ ከፍታ፣ ደስ የሚልህን ምረጥ አለችው።

ትርኢቱ ሲቃረብ ግን ነገር መበላሸት ጀመረ። ኢዞታ ካባዎቹን መልሳ ወሰደች። በገቢሮቹ መካከል የሚገባውን ዘፈንና ጭፈራም ሰረዘች። ታዴዮ ለኮንቱ አቤት ሊል ቢሄድ፣ እመቤቲቱ ካልፈቀዱ ማንም አይገባም ተብሎ ከበር ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ፕሮስዶቺሞ ወደዚያ ቤት መመላለስ አበዛ። ፕሮስዶቺሞ የኮሜዲ ጸሐፊ ነው፤ ታዴዮን ባገኘው ቁጥር «ዛሬስ ስንት ሰው ገደልክ?» ይለዋል። አሁን ግን አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ጀመር። ታዴዮ ይህን ከቀልዱ ይልቅ ፈራው። ሰውየው ነገር ሲጎነጉን ካልሆነ በቀር ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ኢዞታ አስጠራችው።

«የንጉሡ ልጅ ወንድ ይሁን» አለችው።

«እመቤቴ፣ ተዋናዮቹ እኮ ቃላቸውን አጥንተው ጨርሰዋል።»

«ትንሽ ነው የሚለወጠው። መርዙም ይቅር። መልእክተኛው ሳይሠቃይ ሞተ ይበል።»

«ይሄ የእርስዎ ሐሳብ ነው ወይስ የፕሮስዶቺሞ?»

«ሁለታችንም መክረንበታል» አለች።

ዓይኗ ቀልቷል። ታዴዮ ሁለቱ ሲስቁበት ያረፈዱ መሰለው። ቢሆንም ቤቱ የእነሱ ነውና እያረረ ለወጠው።

ቀጥሎ መልእክተኛውን የሚጫወተው ቤልትራሜ መጣ። የቤቱ ባልደራስ ልጅ ነው፤ እዚያው ግቢ አድጓል፤ ኮንቱም ይወዱታል። ንግግሩን ሌላ ሰው እንዲናገረው ለመነ።

«ፕሮስዶቺሞ ምን ቃል ገባልህ?» አለው ታዴዮ።

ቤልትራሜ ዞሮ ወጣ። በማግሥቱ ተመልሶ፣ እመቤቲቱ ስለለመኑኝ እናገረዋለሁ አለ። ታዴዮ አሁን ነገሩ ሁሉ የተገለጠለት መሰለው። ልጁ አምስተኛው ገቢር ላይ ይንተባተባል፣ ወይም ይወድቃል፤ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ የእሱም ነገር እዚያው ያበቃል።

የትርኢቱ ቀን እንግዶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው መጡ። ታዴዮ ለአሳዛኝ ቴአትር የሚገባውን የሚያውቅ ሕዝብ ነው ብሎ ትንሽ ተጽናና። ኮንቱ ከፊት ተቀመጡ፤ በቀኛቸው የነፍስ አባታቸው፣ በግራቸው ሐኪማቸው። ቴአትሬ ሰው ይገድላል ማለታቸው ነው ብሎ ይህንንም በፕሮስዶቺሞ ሒሳብ ላይ ጻፈው።

ተጀመረ። ማንም አልሳቀም። በሁለተኛው ገቢር ንጉሡ ስለ ልጁ ሠርግ ድግስ ሲያወራ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ታዴዮ እዚያ ቦታ ላይ ለቅሶ አልጻፈም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ፣ ሳላውቀው ካሰብኩት በላይ ጽፌያለሁ ማለት ነው አለ። በሦስተኛው ወንዶቹም ዓይናቸውን ይጠራርጉ ነበር። ፕሮስዶቺሞ ራሱ ዓምድ ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ታዴዮ በጥርጣሬው አፈረ። ያን ሁሉ ዓመት ሲናቅ ኖሮ፣ አሁን ከደስታ ብዛት እሱም አለቀሰ።

አምስተኛው ገቢር ደረሰ። ቤልትራሜ ገባ። አልወደቀም፤ አልተንተባተበምም። ግን ወደ ንጉሡ በመሄድ ፈንታ ወደ መድረኩ ጫፍ መጥቶ ተንበረከከ። ድምፁም እንደ ተዋናይ ከፍ አላለም።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ሞቷል። አልተሠቃየም። ልነግርዎት የሚችል ስለታጣ ነው እኔ የመጣሁት።»

የመጨረሻዋን ታዴዮ አልጻፋትም። ቢሆንም ደስ አለችው።

ንጉሡን የሚጫወተው ሰው ተራው ደርሶ ሳለ ዝም አለ። ኮንቱ በሐኪሙ ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፤ አዳራሹም አብሯቸው ተነሣ። ታዴዮ፣ ወደዱት አለ በልቡ፤ እጅ ሊነሣ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ወደ እሱ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

«ቤልትራሜ ልጄ» አሉ ኮንቱ፣ «ከሁለቱ የትኛው ነው?»